አንዲት «ምንም» ሁለት ትርጉም ስትይዝ፦ የሳይምፓይ የድምር ኮድ ጉዳይ ጥናት

ሁለት ድምሮች ላሳያችሁ። በውስጣቸው ያለው «!» ፋክቶሪያል ይባላል፤ 4! ማለት 1×2×3×4 ነው።

የመጀመሪያው 1×1! + 2×2! + 3×3! እያለ እስከ ነ×ነ! ይሄዳል። ሁለተኛው 1! + 2! + 3! እያለ እስከ ነ! ይሄዳል። ላያቸው ሰው ሁለተኛው ይቀላል፤ ማባዛቱ ቀርቶለታል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የመጀመሪያው በአንድ መስመር ያልቃል፤ መልሱ (ነ+1)! − 1 ነው። ሦስት ላይ አቁመን እንሞክረው፦ 1 + 4 + 18 = 23። 4! − 1ም 23 ነው።

ሁለተኛው እንዲህ ያለ መልስ የለውም። «እስካሁን ማንም አላገኘለትም» ማለቴ አይደለም። የለውም። በፋክቶሪያል፣ በኃይል ቁጥርና በፖሊኖሚያል ክፍልፋይ ብዜት የሚጻፍ አጭር ቀመር ሊኖረው እንደማይችል ይረጋገጣል። ፖሊኖሚያል ስል እንደ ቀ²+3ቀ+1 ያለውን ነው፤ በውስጡ ያለው ትልቁ ኃይል ዲግሪው ይባላል። ማረጋገጫው ደግሞ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ዝቅ ብለን እንሠራዋለን።

ሳይምፓይ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሂሳብ ሶፍትዌር ነው። ቁጥር ብቻ አያሰላም፤ ፊደል የያዘ ቀመርም ይቀይራል፣ ያቃልላል፣ ይደምራል። ከእነዚህ ሁለት ድምሮች የትኛው ቀመር እንዳለውና የትኛው እንደሌለው የሚለይ ኮድ በውስጡ አለ። ያ ኮድ ከየት መጣ? እንዴት ይሠራል? የት ላይ ይጎድለዋል? በዚህ ጽሑፍ የማየው ይህንን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የ2007 ክረምት

ሳይምፓይን የጀመረው ኦንድሬይ ቸርቲክ ነው፤ በ2005። በዚያ ክረምት ትንሽ ኮድ ጻፈ፣ በ2006 ክረምት ደግሞ ጨመረበት። በየካቲት 2007 ፋቢያን ፔድሬጎሳ ተቀላቀለና ፕሮጀክቱ ነፍስ ዘራ። በዚያው ዓመት ክረምት ጉግል ለክፍት ኮድ ፕሮጀክቶች ተማሪ እየቀጠረ የሚያሠራበት ፕሮግራም አምስት ተማሪዎች ላከለት። አንዱ ማቴውሽ ፓፕሮትስኪ ነበር። የድምርና የሪከረንስ (ቀጣዩን ቁጥር ከቀደሙት የሚያወጣ ዝምድና) ሥራ የደረሰው ለእሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያው ክረምት ፔሩ ፒተርሰን የሚባል ሌላ ሰው የሶፍትዌሩን እምብርት ከሥር ጀምሮ እንደ አዲስ ይጽፍ ነበር። ሥራው ሶፍትዌሩን ከ10 እስከ 100 እጥፍ አፍጥኖታል። ያም ማለት ተማሪዎቹ ወለሉ እየተቀየረ ባለ ቤት ውስጥ ነበር ግድግዳ የሚያቆሙት። የፖሊኖሚያል ሥራውም ገና ልጅ ነበር፤ ሌላው ተማሪ በጎን የያዘው እሱን ነው። ድምር ደግሞ ያለ ፖሊኖሚያል አይንቀሳቀስም። ምክንያቱን አሁን እናያለን።

የዱቤ ደብተሩ

ከሰፈር ሱቅ በዱቤ የሚወስድ ሰው ደብተሩን ያውቀዋል። ባለሱቁ በየቀኑ ሁለት ነገር ይጽፋል። አንዱ የዛሬው ዕቃ ስንት እንደሆነ፣ ሌላው እስከ ዛሬ ጠዋት ጠቅላላ ዕዳው ስንት እንደደረሰ። ወር ሲያልቅ «በዚህ ወር ስንት ወሰድኩ?» ብትሉት ሠላሳውን ቀን አንድ በአንድ አይደምርም። መጨረሻ ላይ ያለውን ጠቅላላ ያያል፣ ወሩ ሲጀመር ከነበረው ላይ ያነሳል። አለቀ።

ለምን ሠራ? የእያንዳንዱ ቀን ዕቃ የሁለት ተከታታይ ጠቅላላዎች ልዩነት ስለሆነ ነው። የነገ ጠዋት ጠቅላላ ሲቀነስ የዛሬ ጠዋት ጠቅላላ፣ የዛሬ ዕቃ ይሆናል። ሲደማመሩ መሃል ያሉት ሁሉ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ሁለቱ ጫፎች ብቻ ይቀራሉ።

አሜሪካዊው የሂሳብና የፕሮግራም ሰው ቢል ጎስፐር በ1978 የመለሱት ጥያቄ ይህ ነው። የየቀኑ ዕቃ በቀመር ተሰጥቶናል እንበል። የ«ጠቅላላ» ዓምዱስ ቀመር አለው ወይ? ካለው አውጣው። ከሌለው እንደሌለው አረጋግጥ። ዘዴያቸው ሁለቱንም ያደርጋል። በሂሳብ ሶፍትዌር ውስጥ እንዲህ ያለ ዘዴ ብርቅ ነው። አብዛኛው ዘዴ ይሞክራል፤ ከሆነለት ሆነ፣ ካልሆነ ዝም ይላል። የጎስፐር ዘዴ «የለም» ሲል ግን ቃሉ ማረጋገጫ ነው።

በወረቀት ላይ

እስኪ የመጀመሪያውን ድምር በእጅ እንሥራው። ወረቀት ይዛችሁ አብራችሁኝ ብትሠሩ ደስ ይለኛል፤ ኮዱ የሚያደርገው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ተደማሪው ቀ×ቀ! ነው። ጎስፐር መጀመሪያ የሚጠይቁት «ቀጣዩ ተደማሪ የዚህኛው ስንት እጥፍ ነው?» የሚለውን ነው። (ቀ+1)×(ቀ+1)! ለ ቀ×ቀ! ሲካፈል ፋክቶሪያሉ ይጠፋል። የሚቀረው (ቀ+1)²/ቀ ነው። ይህ የፖሊኖሚያል ክፍልፋይ ነው። ዘዴው የሚሠራውም እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። ክፍልፋዩ እንዲህ ካልሆነ ጉዳዩ ከጎስፐር ደጅ ይመለሳል።

ቀጥሎ ይህንን ክፍልፋይ በሦስት ፖሊኖሚያሎች መግለጽ ነው። ሀ፣ ለ እና ሐ እንበላቸው፦

ክፍልፋዩ = [ሀ(ቀ) ÷ ለ(ቀ)] × [ሐ(ቀ+1) ÷ ሐ(ቀ)]

በእኛ ጉዳይ ሀ = ቀ+1፣ ለ = 1፣ ሐ = ቀ ይሆናሉ። አንድ ግዴታ አለ። ሀ እና ለ፣ ለን ወደ ፊት በስንትም ሙሉ ቁጥር ብንገፋው፣ የጋራ አካፋይ ሊኖራቸው አይገባም። የሚጠፋፋ ነገር ካለ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ሐ መጠቅለል አለበት። የዘዴው ብልሃት ያለው እዚህ ነው። ይህ ግዴታ ባይኖር ኖሮ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ክፍልፋይ ፍለጋ ይሆን ነበር። በግዴታው ምክንያት ግን ፍለጋው ወደ ፖሊኖሚያል ብቻ ይጠባል።

የምንፈልገው መ የሚባል ፖሊኖሚያል ነው፤ ይህንን የሚያሟላ፦

ሀ(ቀ)×መ(ቀ+1) − ለ(ቀ−1)×መ(ቀ) = ሐ(ቀ)

ቁጥሮቹን እናስገባ፦

(ቀ+1)×መ(ቀ+1) − መ(ቀ) = ቀ

መ = 1 ብንል? ቀ+1−1 = ቀ። ሆነ! ከዚህ ወደ ኋላ ስንመለስ ለ(ቀ−1)×መ(ቀ)÷ሐ(ቀ)ን በተደማሪው እናባዛለን፤ (1/ቀ) × ቀ×ቀ! ነው፣ የ«ጠቅላላ» ዓምዱ ቀ! ይወጣል። ልክ መሆኑን ለማወቅ ማንንም ማመን አያስፈልግም። (ቀ+1)! − ቀ! ስንት ነው? ቀ×ቀ!። የዕለቱ ዕቃ ራሱ። ስለዚህ ከ1 እስከ ነ ያለው ድምር (ነ+1)! − 1! ነው።

አሁን ሁለተኛው። ተደማሪው ቀ! ብቻ ነው። የሁለት ተከታታዮቹ ክፍልፋይ ቀ+1 ነው። ሀ = ቀ+1፣ ለ = 1፣ ሐ = 1። ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦

(ቀ+1)×መ(ቀ+1) − መ(ቀ) = 1

መ የፈለገውን ፖሊኖሚያል ይሁን። ዲግሪው 0 ይሁን፣ 5 ይሁን፣ 100 ይሁን። የግራው የመጀመሪያ ክፍል በ(ቀ+1) ስለተባዛ ዲግሪው በአንድ ይጨምራል። የሚቀነሰው መ(ቀ) ደግሞ ዲግሪው ያነሰ ስለሆነ ያንን ትልቅ ኃይል ሊያጠፋው አይችልም። ስለዚህ ግራው ቢያንስ ዲግሪ 1 አለው። ቀኙ ግን 1 ብቻ ነው፣ ዲግሪው 0። አይገናኙም። መ = 0 ብንልም 0 ከ1 ጋር እኩል አይሆንም። ስለዚህ መ የለም።

ይህንን መጀመሪያ በእጄ ስሠራው ደጋግሜ አየሁት። እንዲህ ያለ ትልቅ «የለም» በሦስት መስመር ማለቁ ይገርማል። የለወጠው ደግሞ አንድ «ቀ×» ብቻ ነው። እሱ ሐን ከ1 ወደ ቀ ቀየረው፤ በሩም ተከፈተ።

ኮዱ ውስጥ

በሳይምፓይ ውስጥ የድምርና የብዜት ነገር የሚቀመጥበት አቃፊ አለ። በውስጡ በጎስፐር ስም የተሰየመ ፋይል ታገኛላችሁ። አጭር ነው፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይነበባል። ሦስት ተግባራት አሉት። አንዱ ሀን፣ ለንና ሐን ያወጣል። ሁለተኛው መን ይፈልጋል። ሦስተኛው ጫፎቹን ተክቶ ድምሩን ይሰጣል። ልክ በወረቀት እንደሄድነው ነው።

ሀን፣ ለንና ሐን የሚያወጣው ክፍል ፖሊኖሚያል ለምን እንዳስፈለገ ያሳያል። «ለን በስንት ብንገፋው ከሀ ጋር የጋራ አካፋይ ያገኛል?» የሚለውን ለማወቅ ኮዱ ሪዛልታንት የሚባለውን ያሰላል። ሪዛልታንት ሁለት ፖሊኖሚያሎች ነገር ሲጋሩ ዜሮ የሚሆን መለኪያ ነው። ግፊቱን ያልታወቀ ፊደል አድርጎ ያስገባና መቼ ዜሮ እንደሚሆን ይፈታል። ከመፍትሔዎቹ አሉታዊ ያልሆኑ ሙሉ ቁጥሮችን ብቻ ያስቀራል። ለእያንዳንዳቸው ትልቁን የጋራ አካፋይ ያወጣል፣ ከሀና ከለ ላይ ያነሳል፣ ሐ ላይ ይጨምራል። ሪዛልታንት፣ ትልቁ የጋራ አካፋይ፣ ማካፈል፣ ሁሉም የፖሊኖሚያል ሥራ ነው። ያ ክፍል ደካማ ከሆነ ድምሩም ደካማ ነው። ፓፕሮትስኪ በኋላ የፖሊኖሚያሉን ክፍል እንደ አዲስ መጻፉ አይደንቀኝም። ድምር ላይ የሠራ ሰው ችግሩን በአካል ያገኘዋል።

ከኮዱ ጋር ያለው ማብራሪያ አንድ ጥሩ ምሳሌ ይሰጣል። ተደማሪው (4ቀ+1)×ቀ!/(2ቀ+1)! ነው፣ ከ0 እስከ ነ። መልሱ 2 − ነ!/(2ነ+1)! ነው። ነ = 1 ላይ ብንሞክረው 1 + 5/6 = 11/6፤ 2 − 1/6ም 11/6። በዓይን ብቻ ይህንን የሚገምት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሁለቱ «ምንም»

አሁን ወደ ጉዳዩ ልብ እንግባ።

መን የሚፈልገው ተግባር መልስ ሲያጣ «ምንም» ይመልሳል። ፓይተን ውስጥ «ምንም» የሚወክል የታወቀ ዋጋ አለ፤ እሱን ነው የሚልከው። ችግሩ ይህንን የሚያደርገው ከአንድ ቦታ አለመሆኑ ነው። መጀመሪያ ላይ የተከታታዮቹ ክፍልፋይ የፖሊኖሚያል ክፍልፋይ ካልሆነ «ምንም» ይላል። እዚያ ጋ ኮዱን የጻፈው ሰው ማስታወሻ አኑሯል፤ «ይህ ሃይፐርጂኦሜትሪክ አይደለም» የሚል። ሃይፐርጂኦሜትሪክ የሚባለው የተከታታዮቹ ክፍልፋይ የፖሊኖሚያል ክፍልፋይ የሆነለት ነው። ወረድ ብሎ ደግሞ ለመ የሚሆን ዲግሪ ከጠፋ ወይም እኩልታው መፍትሔ ካጣ እንደገና «ምንም» ይላል። እዚያም ማስታወሻ አለ፤ «ይህ በጎስፐር ዘዴ አይደመርም» የሚል።

ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው «ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም፣ ሌላ ሞክሩ» ማለት ነው። ሁለተኛው «ጉዳዩ የእኔ ነው፣ መርምሬዋለሁ፣ እንዲህ ያለ ቀመር የለም» ማለት ነው። አንዱ ይቅርታ ነው፣ ሌላው ፍርድ። ኮዱን የጻፈው ሰው ልዩነቱን አሳምሮ ያውቃል፤ ማስታወሻዎቹ ይመሰክራሉ። የሚመለሰው ዋጋ ግን አንድ ነው። ማስታወሻው ኮዱን ለሚያነብ ሰው ይታያል። ተግባሩን ለሚጠራ ሰው አይታይም።

ከዚያ በላይ ያለው የድምር ተግባር ይህንን «ምንም» ተቀብሎ ወደ ሌላ መንገድ ያልፋል። ይህ በራሱ ተገቢ ነው። ጎስፐር «የለም» ያሉት በሁለቱም ጫፍ ነጻ ስለሆነ ድምር ነው። ጫፎቹ የተለዩ ሲሆኑ መልስ ሊኖር ይችላል። ለምሳሌ የፓስካል ሦስት ማዕዘን (እያንዳንዱ ቁጥር ከላዩ ያሉት የሁለቱ ድምር የሆነበት) አንድ ረድፍ ሙሉውን ሲደመር 2 ሲበዛ በራሱ ነ ጊዜ ይሆናል፤ ይህንን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ያንኑ ረድፍ መሃል ላይ አቋርጣችሁ ብትደምሩ ግን ሃይፐርጂኦሜትሪክ ቀመር የለውም። ስለዚህ መቀጠሉ ልክ ነው። ሁሉም መንገድ ሲያልቅ ግን ተጠቃሚው የሚያየው ያንኑ ያስገባውን ድምር ነው፤ ሳይሰላ ተመልሶለት። «ስላልቻልኩ ነው» ይሁን «ስለሌለ ነው» አይነገረውም። የተሟላ ማረጋገጫ በእጁ ላይ የነበረ ሶፍትዌር ማረጋገጫውን መንገድ ላይ ጥሎት መጣ።

ለተመራማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። «የለም» የሚል ውጤት ያገኘ ሰው ፍለጋውን ያቆማል፣ ሪከረንስ ይፈልጋል፣ ወይም በቁጥር ያሰላል። ዝምታ ያገኘ ሰው ሳምንት ሙሉ ቀመር ሲቆፍር ይከርማል።

እንዲህ መሆን የለበትም ስል ከአየር ላይ አይደለም። ማክሲማ የተባለው ሌላው ክፍት ሶፍትዌር ለዚሁ ሥራ የተጻፈ ጥቅል አለው። እዚያ የጎስፐር ተግባሮች ሃይፐርጂኦሜትሪክ መፍትሔ ሲጠፋ ያንን በስሙ ጠርተው ይመልሳሉ። ተራ ባዶ ነገር አይደለም የሚመጣው። ወጪው ኢምንት ነው፣ አንድ ቃል ነው። በሳይምፓይም ሁለቱን «ምንም»ዎች በሁለት የተለያየ ዋጋ መተካት ከባድ ሥራ አይሆንም። ከባዱ ሌላ ነው። «ምንም» ሲመጣ ወደ ቀጣዩ መንገድ የሚያልፈው ኮድ ሁሉ አዲሱን ዋጋ መልመድ አለበት። ተግባሩን በየፕሮግራማቸው የሚጠሩ ሰዎችም አሉ፣ «ምንም» ከሆነ እንዲህ አድርግ ብለው የጻፉ። ትንሽ የምትመስል ለውጥ የሰው ቤት የምታፈርሰው በዚህ መንገድ ነው። ክፍት ኮድ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ለእንዲህ ያለ ለውጥ የሚያመነቱት ስለዚህ ነው፤ አልፈርድባቸውም። የእኔ ምርጫ የቆየውን ተግባር ሳይነኩ፣ ምክንያቱን ጭምር የሚመልስ አዲስ ተግባር ከጎኑ ማቆም ነው።

ጫፎቹ ላይ

ቀመሩ ከተገኘ በኋላም ሥራው አያልቅም። እንዲያውም የሚያደክመው ከዚያ በኋላ ነው።

በወረቀቱ ላይ የ«ጠቅላላ» ዓምዱ (1/ቀ) × ቀ×ቀ! ነበር። ይህ ቀ! መሆኑን እናውቃለን። ሁለቱ ክፍሎች ለየብቻ ቀ = 0 ሲተካባቸው ግን አንዱ 1/0 ይሆናል፣ ሌላው 0። ኮምፒውተር እዚህ ላይ «ቁጥር አይደለም» ይላል። የሳይምፓይ ኮድ ይህንን ያውቃል። የተካው ነገር ቁጥር አልሆን ካለው ተመልሶ ሊሚት ይወስዳል።

ሌላው የጂኦሜትሪክ ድምር ነው። 1 + ረ + ረ² እያለ እስከ ረ ሲበዛ በራሱ ነ ጊዜ። ትምህርት ቤት የተማርነው ቀመር በ1−ረ ያካፍላል። ረ ራሱ 1 ቢሆንስ? ሳይምፓይ መልሱን በሁለት ቅርንጫፍ ይሰጣል፦ ረ ከ1 ጋር እኩል ከሆነ ነ+1፣ ካልሆነ የታወቀው ቀመር። ጀማሪዎች ይህንን ሲያዩ «ለምን ያወሳስበዋል?» ይላሉ። ሳያወሳስብ ቢተወው ውሸት ይሆን ነበር።

በጣም የሚያከራክረው ግን የተገለበጠ ወሰን ነው። ከ10 እስከ 5 ደምር ቢባል ስንት ነው? ተራ የፓይተን ሉፕ ቢጠየቅ 0 ይላል፤ የሚደመር የለምና። ሳይምፓይ ግን −30 ይላል።

ስህተት ይመስላል፤ አይደለም። ማይክል ካር በ1981 ስለ ድምር ባሳተሙት ሥራ የተጠቀሙበት ስምምነት ነው። እስከ 5 ያለው ድምር 15 ነው። እስከ 9 ያለው 45 ነው። ከ10 የሚጀምር ድምር ማለት እስከ 9 ያለውን ማንሳት ማለት ነው። 15 − 45 = −30። ወደ ዱቤ ደብተሩ እንመለስ። ከጠቅላላ ላይ ጠቅላላ ስንቀንስ የኋለኛው ቀን ቀድሞ ከተጻፈ ውጤቱ አሉታዊ ይሆናል። ደብተሩ ዜሮ አይልም።

ይህ ምርጫ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባው ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን ላየ ነው። ሳይምፓይ በሁለቱ ወሰኖች መካከል ያለው ልዩነት ከ100 በታች የሆነ ቁጥር ከሆነ ቀመር አይፈልግም፤ አንድ በአንድ ይደምራል፣ ይፈጥናልና። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ወሰኑ ፊደል ከሆነ ቀመር ይፈልጋል። አሁን ከ10 እስከ ነ ያለውን ድምር በቀመር አውጥታችሁ ኋላ ነን በ5 ተኩት እንበል። መጀመሪያውኑ 5 ብላችሁ ብትጠይቁትም ያው መልስ መምጣት አለበት። አንደኛው −30፣ ሌላው 0 ካለ ሶፍትዌሩ ከራሱ ጋር ተጣላ። የካር ስምምነት ሁለቱን መንገዶች ያስታርቃል። እኔም በዚህ ምርጫ እስማማለሁ። ማብራሪያው ላይ ግን ከዚህ ጎላ ብሎ ቢጻፍ ጥሩ ነበር፤ ዜሮ ጠብቆ የመጣ ሰው መደንገጡ አይቀርም።

ከሶፍትዌር ወጥቶ ወደ ሶፍትዌር

የጎስፐር ዘዴ ከየት መጣ? ሂሳብ ሊቅ ወረቀት ላይ አቀርቅሮ ያገኘው ይመስላል። አይደለም። በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ከ1968 ጀምሮ የሚገነባ ማክሲማ የሚባል የሂሳብ ሶፍትዌር ነበር። ከላይ የጠቀስኩት ክፍቱ ማክሲማ የዚህ ልጅ ነው፤ በላቲን ፊደል አጻጻፋቸው ይለያያል እንጂ ሲጠሩ አንድ ናቸው። ጎስፐር በአሮጌው ማክሲማ ላይ ድምር በድምር ላይ ሲሞክሩ ነው ሥርዓቱን ያዩት። ያለዚያ ሶፍትዌር ወደ ግምቱ የሚያደርሳቸውን ልምድ እንደማያገኙት ራሳቸው በ1978ቱ ጽሑፋቸው አመስግነው ጽፈዋል።

ከዚያ አሮጌው ማክሲማ በ1982 ለንግድ ድርጅት ተሰጠ፣ ኮዱም ተዘጋ። አንድ ቅጂ ግን በአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር በኩል ተርፏል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዊሊያም ሼልተር ያንን ቅጂ ከ1982 ጀምሮ ተንከባከቡት። በ1998 በነጻ ፈቃድ ለመልቀቅ ይሁንታ አገኙ። በ2001 አረፉ። ከሞታቸው በኋላም ሥራው በበጎ ፈቃደኞች እጅ ቀጠለ። ዛሬ ማክሲማን በነጻ አውርዶ የጎስፐርን ዘዴ የሚጠራ ሰው፣ ዘዴው የተወለደበትን ቤት ዘር ነው የሚጠቀመው። ሴጅ የተባለው ትልቁ ክፍት የሂሳብ ሶፍትዌርም ፊደል ያለበት ድምር ሲመጣበት ካልተነገረው በቀር ወደ ማክሲማ ነው የሚልከው። ወደ ሳይምፓይ እንዲልክም ማዘዝ ይቻላል። ሼልተር ያንን ቅጂ ባይጠብቁት ይህ ሁሉ መንገድ ይቋረጥ ነበር።

ቀሪው መንገድ

ጎስፐር የማይመልሱትን፣ ጫፉ የተለየ ድምር፣ የሚመልስ ሌላ ዘዴ አለ። ሥሩ ሲስተር ሜሪ ሴሊን ፋሰንማየር ናቸው፣ የፔንሲልቬንያ መነኩሲት። በ1945 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ሥራቸው ላይ ለእንዲህ ያለ ድምር ሪከረንስ የሚያወጣ ሥርዓት ጻፉ። ለብዙ ዓመታት ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ዶሮን ዛይልበርገር አነሱት፤ በ1990 የጎስፐርን ዘዴ ከውስጥ ተጠቅመው ፈጣን አደረጉት። ዛይልበርገርና ኸርበርት ዊልፍ በዚህ መስመር ላይ ለሠሩት በ1998 የአሜሪካ የሂሳብ ማኅበር የስቲል ሽልማት አገኙ።

ምን እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ። የፓስካል ሦስት ማዕዘንን አንድ ረድፍ እያንዳንዱን ቁጥር በራሱ አባዝታችሁ ደምሩ። ለረድፍ 2፦ 1 + 4 + 1 = 6። ለረድፍ 3፦ 1 + 9 + 9 + 1 = 20። ጎስፐር እዚህ ላይ «የለም» ይላሉ። የዛይልበርገር ዘዴ ግን በረድፎቹ ድምር መካከል ያለውን ዝምድና ያወጣል፦ (ነ+1) ሲባዛ በቀጣዩ ድምር፣ ከ(4ነ+2) ሲባዛ በዚህኛው ድምር ጋር እኩል ነው። ነ = 2 ላይ፦ 3×20 = 60፣ 10×6 = 60። ከዝምድናው ተነስቶ መልሱን ማውጣት ቀላል ነው።

የማክሲማው ጥቅል ይህንን ይሠራል። ሳይምፓይ ደግሞ ተደማሪውን ወደ ሃይፐርጂኦሜትሪክ ፈንክሽን ቀይሮ የሚያቃልል መንገድ አለው፤ መሣሪያው በ2011 ክረምት በሌላ ተማሪ የተሠራ ነው። 1/ቀ ዓይነቱን፣ ጎስፐር የማይደምሩትን፣ ሃርሞኒክ ቁጥር ብሎ በስሙ ይጠራዋል። የተራ ኃይሎችን ድምር በበርኑሊ ፖሊኖሚያል ይሠራል። እነዚህን አልፌ ሄድኩ፤ ሥራቸው ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ መሥራት ለሚፈልግ ወጣት የምመክረው ከሁለቱ ማስታወሻዎች እንዲጀምር ነው። ሳይምፓይን በነጻ ያውርድ፣ የጎስፐርን ፋይል ይክፈት። ቀ×ቀ!ን ከ1 እስከ ነ ያስገባ፤ ቀመር ይመጣለታል። ቀ!ን ብቻውን ያስገባ፤ «ምንም» ይመጣለታል። ከዚያ ቀ ሲበዛ በራሱ ቀ ጊዜን ያስገባ፣ ክፍልፋዩ የፖሊኖሚያል ክፍልፋይ ያልሆነውን። እንደገና «ምንም» ይመጣለታል። ከዚያ ወረቀት ያውጣና ሁለቱ «ምንም»ዎች የትኛው መስመር ላይ እንደተወለዱ ይፈልግ።